ባለ ደረጃው

«ኧረ ይሄን ነገር አንድ ሰው ያጥፋልኝ!» አለ የሟቿ እናት ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ቋ አድርጎ አስቀምጦ። «ሰው ሲያለቅስ ጢን፣ ሰው ሲያጽናና ጢን! ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ስልክ ቤት?»

ድምፁ የሚመጣው ከሟቿ ክፍል ነበር። ልጅቱ ሆስፒታል የገባች ዕለት ኮምፒዩተሯ እንደበራ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ገብቶ ለመዝጋት የደፈረ የለም። ሳሎኑ ውስጥ በተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ጢን ባለ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ገርበብ ያለው በር ያዞሩና፣ መልሰው ደግሞ እንዳፈረ ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

«ተወው» አለች እናት ከጥጉ ሶፋ ላይ ሆና።

«እትዬ፣ ሰው እኮ ታዘበን።»

«ይታዘበን። የእሷ ሰዎች ናቸው። አልሰሙ ይሆናል።»

ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ እናት ይህን ያህል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ከልጅቱ ጋር አብራ የምትሠራው ባለ መነጽሯ የሕንፃ ባለሙያ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ክፍሉ ገባች። ቆይታ ስትወጣ መነጽሯን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነበር።

«ሰምተዋል፣ እማማ» አለች ጎንበስ ብላ። «ሥራ አይደለም የሚልኩት። ያሉበት ሆነው እያለቀሱ ነው።»

እናት አንገቷን ነቀነቀች። ልጇ፣ ሚጡዋ፣ ከግድግዳው ወዲያ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስትስቅና ስትከራከር ዓመታት ስትሰማ ኖራለች። አንዳቸውንም ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ሚጡ የቤት ፕላን ታሠራ ነበር። ሥራው ከትላልቅ ከተሞች ኮንትራክተሮች ይመጣል፤ የሚሠሩት ሰዎች ግን ጦርነት ባለፈባቸው፣ አንዳንዴም ገና ባላለፈባቸው ቦታዎች ያሉ ነበሩ። አንዷ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ሸራ ሥር ተቀምጣ መስኮት ትነድፋለች። አንዱ ከፈረሰ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ሆኖ ጣሪያ ይሠራል። ሚጡ በስማቸው አትጠራቸውም፤ ባለ መስኮቷ፣ ባለ ጣሪያው እያለች ነው። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሳው ደግሞ ባለ ደረጃው ነበር።

እናት መጀመሪያ የሰማች ጊዜ ግራ ገብቷት፣ «አንቺ፣ እንዲህ ያለ ባለ ደረጃ ሰው እንዴት ላንቺ ተቀጠረ?» ብላ ጠየቀች።

ሚጡ ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። «እማዬ፣ ደረጃ ስለሚነድፍ እኮ ነው! ቤት ውስጥ የሚወጣውን ደረጃ!»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ባለ ደረጃው ሲደውል የሚጡን እጅ ሥራ ይዞት ስልኩን እናት አነሳችው። የምታነጋግረውን ሰው ሁሉ እንደምትጠይቀው ጠየቀችው። «ደህና ነህ ልጄ? በላህ?»

«በላሁ፣ እማማ» አለ ረጋ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ።

«ዋሸህ። የበላ ሰው እንዲህ አይመልስም።»

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር ሥራውን ሲጨርስ «እማማ አሉ?» ይላል። እሷም የስፌት መኪናዋን አቁማ ትመጣለች። ምን ያወሩ እንደነበር ብትጠየቅ አታስታውስም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ምንም።

ባለ መነጽሯ ሻይ ልትቀዳላት መጣች። እናት ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣው ያዘችው። ካጠገቧ ጎረቤቶቿ በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ያ ሁሉ ድካም፣ ምን አተረፈች?»

«ኮንትራክተሩ እኮ ሊያነሳት ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለችው ይባላል።»

እውነት ነው። እናት ቀኑን አልረሳችውም። ዋናውን ሥራ የሚሰጣት ኮንትራክተር ኬክ በካርቶን ይዞ እዚሁ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ደስተኛ፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም።

«ሰዎችሽን ወድጃቸዋለሁ» አላት ሚጡን። «ፎቷቸውን ስጪኝ። ከኋላቸው የፈረሰው ግድግዳ ይታይ። ማስታወቂያው ላይ ከጦርነት የተረፉ ሰዎች የነደፉት ቤት እንለዋለን። ገዢ ልቡ ይነካል።»

«ፕላኑ ላይ ያገኘኸው ስህተት አለ?» አለችው።

«ኧረ ምን በወጣው! እንደ መስታወት የጠራ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ጻፍ። የነደፉልህ ቤት ያንተ ነው፤ እንደፈለግህ አሳየው። የፈረሰው ግን የራሳቸው ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ ሰውየው ኬኩን ሳይጨርስ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ የነደፈው ሰው ስም እንዲሰፍር፣ መብራት ጠፍቶ የዘገየ ሰውም ሥራው ከእጁ እንዳይነጠቅ በውሉ ይግባልኝ ብላ ድርቅ አለች።

ኮንትራክተሩ አኩርፎ ሄደ። እናት ያን ቀን ተቆጥታ ነበር። «የቀረበልሽን በእግርሽ ትገፊያለሽ? እነሱ ራሳቸው ስሙልን ብለው ፎቷቸውን የሚሰጡ አይመስልሽም?»

«ይሰጣሉ፣ እማዬ» አለች ሚጡ። «እንቢ ማለት ስለማይችሉ ይሰጣሉ። የፈራሁት እሱን ነው።»

ኮንትራክተሩ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። እንደነሱ የሚነድፍለት ሌላ ሰው አላገኘም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ሳሳ ሲሉ አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆመ። በትከሻው የጉዞ አቧራ የለበሰ ቦርሳ አንግቷል። ጉበኑ እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ገባና ለተቀመጠው ሰው ሁሉ በእጁ ሰላምታ እየሰጠ ዞረ። ማን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። «የቢሮ ሰው ይሆናል» አለች አንዷ።

እናት ዘንድ ሲደርስ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ያጽናዎት፣ እማማ።»

እናት ፊቱን አላወቀችውም። ድምፁን ግን ከመቶ ሰው መሃል ትለየዋለች።

«አንተ!» አለች እየተነሳች። «ባለ ደረጃው?»

«ነኝ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ደርቃ የቆየችው ሴት፣ የማታውቀው ሰው ኮት ላይ ፊቷን ቀብራ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «አየሃት? አላየሃትም እኮ! አንድ ቀን እንኳ አላየሃት!» ትላለች። ወንድሟ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ሰውየውን ከጎኗ አስቀመጡት፣ ሻይ ሰጡት።

«ሩቅ ነው የመጣኸው፣ ልጄ?» አለ ወንድሟ ወንበሩን ስቦ ቀረብ እያለ። «ከየት ነው?»

ሰውየው ብርጭቆውን አየ። በአቅራቢያው ያለ ትልቅ ከተማ ስም ጠርቶ ማምለጥ ይችል ነበር። አልሞከረም። የተወለደበትን ከተማ ስም ቀስ ብሎ ተናገረ።

ወንድሟ ወንበሩን ወደ ኋላ መለሰ።

እናት ያን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም። እሷና ወንድሟ «ማዶ» ነው የሚሉት። የቀድሞ ከተማቸው ወንዝ ዳር ነበረች፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ከተማ አለ። ድሮ ሠርግ የሚጠራሩ፣ በገበያ የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ከማዶ ካለው ኮረብታ መድፍ ይተኮስባቸው ጀመር። ጫማ ሰፊው ባሏ የሱቁን በር እየዘጋ ሳለ ነው ያገኘው። ከፍርስራሹ ቆፍሮ ያወጣው ይኸው ወንድሟ ነው። ሚጡ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ጫማ ሳታደርግ በእናቷ እጅ ተጎትታ ነው ከዚያ የወጣችው።

በሰውየው ትከሻ ላይ የነበረው የእናት እጅ ሳታዝዘው ወረደ።

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሳ። አልጮኸም። «ወንድሜ» አለ፣ «መጥተሃል፣ ሐዘናችንን ተካፍለሃል። እግዜር ይስጥህ። አሁን ግን በሰላም ውጣልን።»

ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። እናትን አየት አደረጋት። እሷ ቀና አላለችም። ቦርሳውን አንስቶ እንደ አገባቡ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

«የማዶ ሰው ትቀጥር ነበር?» አለ ወንድሟ ወደ ባለ መነጽሯ ዞሮ። «አባቷን የበሉባትን? ታውቂ ነበር?»

ባለ መነጽሯ መጥታ እናት እግር ሥር በርከክ አለች። «እማማ፣ የመረጡት እርስዎ ነዎት።»

«ምኑን?»

«እሱን። ያኔ ወረቀቶቹን በመቁረጫ ጠረጴዛዎ ላይ የደረደርን ጊዜ።»

እናት ለማስታወስ ጥቂት ደቂቃ ፈጀባት። ሥራው ገና በጀመረበት ሰሞን ነው። ሚጡ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ስትል ከየቦታው ብዙ ሰው ጽፎላት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላከች፤ ጠባብ ቦታ ላይ ባለ ፎቅ ቤት፣ ደረጃውን እናንተ አውጡለት የሚል። ለሙከራውም ቢሆን ደክመዋል ብላ ለሁሉም ከፈለች። ከዚያ እናቷን ጠራቻት። «ነይ እስቲ እማዬ፣ ያንቺ ዓይን ያስፈልገኛል።»

የወረቀቶቹ ጥግ በጨርቅ ቁራጭ ተሸፍኖ በስፌት መርፌ ተይዟል።

«ስማቸውን ምን አድርጎሽ ነው የሸፈንሽው?»

«እኔም እንዳላየው። ስም ካየሁ አገሩን አውቃለሁ፤ አገሩን ካወቅሁ እጁን ማየት እተዋለሁ።»

«እንዳሻሽ። የማዶ ሰው ብቻ እዚህ ቤት እንዳይገባ።»

ሚጡ ወረቀት በመዳፏ ዳመጠች። እናት አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አስቀመጠች። አንደኛው ላይ ቆመች። ደረጃው መሃል ላይ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ሰፋ ያለች ማረፊያ፣ ማረፊያዋ ላይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር መቀመጫ አለ። ሌሎቹ ሁሉ ሰው ቶሎ ወጥቶ ቶሎ እንዲወርድ ብቻ ያሰቡ ነበሩ።

«ይሄኛው» አለች። «ይሄ ልጅ ጨርቅ ቢይዝም አያባክንም። ደግሞ አሮጊት እናት አለችው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ወንበሩ ለማን ነው ታዲያ?»

አሁን ሶፋው ላይ ሆና የልጇን ፊት ለማስታወስ ሞከረች። ጨርቁን ስትገልጥ ምን መስላ ነበር? እናት ያኔ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች፤ አላየችም።

«ስሙንና ከተማውን ስናነብ አብሬያት ነበርኩ» አለች ባለ መነጽሯ። «ወጥታ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ስትመለስ ግን ወረቀቱን አልለወጠችም። ለእርስዎ ደህና ቀን መርጣ ልትነግርዎት ትጠብቅ ነበር። ሕመሙ ቀደማት።»

እናት ተነሳች።

«ወዴት ነው እትዬ? በዚህ ሁኔታሽ?»

«መጣሁ» አለች፤ በቤት ጫማዋ ወጣች።

ሰውየውን ከመንገዱ ግርጌ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጥር ሥር አገኘችው። ሲያያት ደንግጦ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራውን አለበሳቸው።

«ታውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ። «እኛ ከየት እንደሆንን?»

«መጀመሪያ ቀን ነው የነገረችኝ፣ እማማ። አባቴ የሞተው ከእናንተ በኩል በመጣ መድፍ ነው አለችኝ። ከዚያ፣ ሥራውን የምሰጥህ እጅህ ስለሚችል ነው፤ ይቅር ስላልኩ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ገና አላወቅሁትም አለችኝ።»

«እና አንተ ምን አልክ?»

«አለቀስኩ መሰለኝ። ያኔ የሚረዳን ሁሉ አንድ ነገር እንድንሆንለት ይፈልግ ነበር፤ አንዳንዱ እንድንጸጸት፣ አንዳንዱ እንድናሳዝነው። እሷ ደረጃ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ሥራው ሲዘገይባት ትቆጣኛለች፤ መብራት ሲጠፋ ግን ቁጣዋን ትተውና ትጠብቀኛለች። እንደ ሰው ነበር የምትቆጣኝ።»

እናት ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ የምትጠይቀው ነገር ነበረ፤ ለዓመታት የሚጠየቅ ሰው አጥታ አፏ ውስጥ የቆየ።

«አባትህ ያኔ ኮረብታው ላይ ነበር?»

«አልነበረም ብዬ ብምልልዎት ደስ ይለኝ ነበር። አላውቅም፣ እማማ። ዘምቷል። የት እንደነበር አልነገረንም፤ እኛም ፈርተን አልጠየቅነውም። እንዲሁ እንዳለ ሞተ። ቤታችንን ደግሞ በሁለተኛው ዙር ጦርነት ከእናንተ በኩል የመጣው መድፍ አፈረሰው።»

ቢዋሻት ኖሮ በዚያው ትመለስ ነበር። ዓይኑን አየችው። ወጣት አይደለም፤ ጸጉሩ ግራና ቀኙን ሸብቷል።

«እናትህስ?»

«አለች። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ላይ አረፍ ሳትል አትወጣም።»

እናት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ቆየች። ስትመለስ ድምጿ ሌላ ነበር። «ለለቅሶ ብቻ አይደለም የመጣኸው። ሌላ ነገር አለህ። በስልክ ስታወራኝም የደበቅከው ነገር ሲኖር እንዲሁ ነበር ጉሮሮህን የምትጠርገው።»

አፈረ። «አሁን የሚወራ አይደለም።»

«ተናገር አልኩህ።»

«ኮንትራክተሩ ጻፈልን። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር በቀጥታ ነው አለ። ስማችን ከወረቀቱ ይወጣል፤ የዘገየ ይቀራል። ባለ መስኮቷ ያለችበት ጣቢያ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። እስኪ ሂድና ቤተሰቡን ጠይቅልን ብለው ላኩኝ። እኔ ደግሞ በለቅሶ ቤት እንዴት ብዬ...»

እናት ያንን ሰምታዋለች፤ ትናንት ወንድሟ ለኮንትራክተሩ በስልክ «ይውሰደው፣ እኛ ምኑን እናውቀዋለን» ሲል ነበር። ሲናገር በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። አሁን ግን ሸራ ሥር የተቀመጠች፣ መብራት የምትጠብቅ ሴት ታየቻት።

«ና» አለች።

«እማማ፣ ወንድምዎ...»

«ቤቱ የእኔ ነው። ና።»

ተከታትለው ሳሎን ገቡ። ወንድሟ ቆመ። እናት አጠገቡ ሄዳ እጁን ያዘችው። «አንተ ባሌን ከአፈር አውጥተኸዋል» አለችው ቀስ ብላ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ። «ቅር ቢልህ አልፈርድብህም። ሰላም በለው አልልህም። ግን አታስወጣብኝ። ይህን ሰው የመረጥነው እኔና ሚጡ ነን።»

ወንድሟ ሰውየውን ቀና ብሎ አላየውም። ኮቱን አንስቶ ግቢ ወጣ፤ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም።

«አንቺ» አለች እናት ለባለ መነጽሯ። «ሥራውን እንደነበረው ማስኬድ ትችያለሽ? እንደ እሷ፣ በዚያው ውል?»

«ብቻዬን አይሆንም። እሱ ከኋላዬ ካለ ግን እሞክራለሁ። ኮንትራክተሩ መቆጣቱ አይቀርም።»

«ይቆጣ። ከዚያ ሁሉ እንቢታዋ በኋላም ተመልሶ መጥቷል። ባይመጣም ሌላ አናጣም። ሥራው የቱ ጋ ነው የቆመው?»

«አንድ ክሊኒክ አለ። ደረጃው አልተገናኘም።»

ሦስቱም ወደ ክፍሉ ገቡ። እናት ከቀብር ወዲህ አልገባችበትም ነበር። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ የሚጡ ሹራብ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ባለ መነጽሯ የኮምፒዩተሩን ማያ ነካ ስታደርገው ክፍሉ በወረቀት ነጭ ብርሃን ተሞላ፤ በመሃሉ አንድ ደረጃ ወጣ ወጣ ብሎ አየር ላይ ቀርቷል።

«ቁጭ በል» አለች እናት።

ሰውየው እያመነታ የሚጡ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚጡ አጭር ነበረች፤ እሱ ደግሞ ዘለግ ያለ ነው። ጉልበቱ እስከ ደረቱ ወጥቶ፣ ክርኑ ከጠረጴዛው በታች ቀርቶ እንደ ሕፃን ተኮራምቶ ታየ። እንደዚያው ሆኖ እጁን ወደ ማውሱ ዘረጋ።

እናት ቆማ አየችው። ወንበሩ ሚጡ ለራሷ ልክ አድርጋ እንዳስቀመጠችው ነው። እሷ ከተነሳችበት ወዲህ ማንም አልነካውም።

«እስቲ ብድግ በል» አለችው።

ተነሳ። እናት በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ በሚያማት ጉልበቷ በርከክ አለችና ከመቀመጫው ሥር በእጇ ዳበሰች። ባለ መነጽሯ ልታግዛት ጎንበስ ስትል በዓይኗ ከለከለቻት። ጣቷ ማንሻውን አገኘው። ጥቂት እንደያዘችው ቆየች፤ ከዚያ ሳበችው። መቀመጫው ረጅም ትንፋሽ እንደሚተነፍስ ሰው እስስስ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«አሁን ተቀመጥ» አለች።